ቅናሹን ማን ከፈለው?

ያገለገለ ዕቃ ስንገዛ ሁላችንም አንድ ዓይነት ሒሳብ እንሠራለን። አዲሱ ይሄን ያህል ያወጣል፣ ይሄኛው በዚህን ያህል ያንሳል፣ ልዩነቱ ኪሴ ውስጥ ቀረ፤ አለቀ። ስልክ ከሆነ ሒሳቡ ትክክል ነው። ባትሪው ቶሎ ቢሞት የምቸገረው እኔው ነኝ። ጫማም እንደዚያው፤ ሶሉ ቢላቀቅ የሚርሰው የኔ እግር ነው። ግን ጉድለቱ ገዢውን ብዙም የማይነካ ዕቃ አለ። ገዢው ተመችቶት ይኖራል፤ ጉድለቱን የሚሸከመው ዋጋው ሲቆረጥ ቦታው ላይ ያልነበረ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ "በርካሽ አገኘሁት" ማለት ራሱ ልክ ነው ወይ? ይሄን ጥያቄ ያመጣብኝ መጽሐፍ አይደለም፤ የእንጨት ምድጃ ነው።

ከሲያትል የቤት ኪራይ ሸሽተን፣ የካስኬድን ተራሮች ወደ ምሥራቅ ተሻግረን ያኪማ ከገባን ሁለተኛ ክረምታችን ነበር። (ክረምት ስል የነሱን በረዶ ማለቴ ነው እንጂ የኛን ዝናብ አይደለም።) ያኪማ ሸለቆ ነው፤ ፖም፣ ቼሪ፣ ደግሞም ፈረንጆች ለቢራቸው የሚጠቀሙበት፣ ሆፕስ የሚባለው የነሱ ጌሾ በብዛት የሚበቅልበት። በባንክ ዕዳ የገዛናት ቤት አሮጌ ናት፤ የምትሞቀው በፕሮፔን ጋዝ ነው። የጥር ሒሳብ ሲመጣ እኔና ባለቤቴ ፖስታውን "አንቺ ክፈቺው"፣ "አንተ ክፈተው" እንባባል ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ግን የቀድሞው ባለቤት የተወው ደህና ጭስ ማውጫ አለ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ሰው ምድጃውን በርካሽ አግኝቶ ከተደሰተ በኋላ ነው፣ ለምድጃ የሚሆን የብረት ጭስ ማውጫ ከነመግጠሚያው ከምድጃው በላይ ሊያወጣ እንደሚችል የሚያውቀው። እኛ እሱ ስለነበረን 700 ዶላር መደብን። አዲስ ካታሊቲክ ምድጃ በሺዎች ነው፤ ወደዚያ ዓይናችንንም አላነሳንም።

"ካታሊቲክ" የሚለው ቃል እንዳያስፈራችሁ። መኪና ሥር ያለውን፣ ሌቦች በሌሊት እየቆረጡ የሚወስዱትን ዕቃ ታውቁት የለ? የሱ ዘመድ ነው። እንጨት ሲነድ ከጉልበቱ ብዙው ያለው ጭሱ ውስጥ ነው፤ ጭስ ያልተቃጠለ ማገዶ ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም። ያ ጭስ በራሱ እንዲነድ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ይፈልጋል፤ ሌሊቱን ሙሉ በዝግታ እንዲነድ የታፈነ ምድጃ ውስጥ ደግሞ ይሄ አይገኝም። ስለዚህ ጭሱ በሚወጣበት መንገድ ላይ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ፣ ከሴራሚክ ወይም ከብረት የተሠራ ነገር ይቀመጣል፤ ካታሊስት የሚሉት ይሄን ነው። ገጹ እንደ ፕላቲነም እና ፓላዲየም ባሉ ውድ ማዕድናት ስስ ሽፋን የተቀባ ነው። ጭሱ በዚህ ሽፋን ላይ ሲያልፍ 260 ዲግሪ ገደማ ላይ መንደድ ይጀምራል። እሳቱን ስትለኩሱ ባይፓስ የሚባለውን መዝጊያ ከፍታችሁ ጭሱን በቀጥታ ታስወጣላችሁ፤ ቴርሞሜትሩ 260 ሲደርስ ትዘጉታላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ጭሱ በማር እንጀራው ውስጥ ሳያልፍ አይወጣም። በደንብ ሲሠራ ከጣሪያው በላይ የሚታየው የአየር መርገብገብ ብቻ ነው።

ችግሩ፣ ካታሊስቱ ይሞታል። ደረቅ እንጨት ብቻ ከበላና በጊዜው ከተጠረገ ከስድስት ክረምት በላይ ሊያገለግል ይችላል፤ ቀለም የተቀባ ጣውላና ቆሻሻ ካበሉት በሁለት ዓመት ሊያልቅ ይችላል። ሲሞት ደግሞ ድምፅ የለውም። ምድጃው መንደዱን አያቆምም፣ ሳሎኑ መሞቁን አይተውም። ተጨማሪ እንጨት ይበላል፤ ጭስ ማውጫው ውስጥም ክሪዮሶት የሚባል እንደ ሬንጅ ያለ ጥቀርሻ ይከማቻል፣ ካላስጠረጉትም ቤት የሚያቃጥል እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ስለዚህ ባለቤቱም ጨርሶ አያመልጥም። የቀረው ጭስ ግን በጣሪያ ወጥቶ ይሄዳል። ወዴት? በያኪማ ክረምት ብዙ ጊዜ መልሱ "የትም" ነው። ቀዝቃዛው አየር ሸለቆው ውስጥ ይተኛል፣ ሞቃቱ ከላይ እንደ አክንባሎ ይከድነዋል፣ ጭሱ ከሥር ይቀራል። ከኛ ጭስ ማውጫ እስከ ጎረቤቶቻችን የመኝታ ቤት መስኮት ሃያ እርምጃ አይሞላም። ከሜክሲኮ የመጡ፣ በፖም እርሻ ሥራ የሚተዳደሩ ቤተሰቦች ናቸው። የስምንት ዓመት ልጃቸው ኳስ ሲጫወት የአስም መተንፈሻውን ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው።

ምድጃውን ያየሁት ጡረታ የወጣ ሰውዬ ጋራዥ ውስጥ ነው። 350 ዶላር ብሏል። ሙቀት በሚችል ጥቁር ቀለም አዲስ ተቀብቶ ያምራል፤ እኔ ግን አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ ዕቃ ሳይ መርካቶ ነው ትዝ የሚለኝ። መጀመሪያ ጀርባው ላይ ያለውን የብረት መለያ አነበብኩ። ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ፈቃድ የሌለውን ያገለገለ ምድጃ መሸጥ ቀርቶ በነጻ መስጠትም ክልክል ነው። ከዚያ የጋራዡን መብራት አስጠፍቼ የስልኬን መብራት ምድጃው ውስጥ ከተትኩና በስንጥቅ የሚያፈተልክ ብርሃን ፈለግኩ፤ የለም። ቀጥሎ አንድ ዶላር አውጥቼ በሩ ላይ አስይዤ ዘጋሁና ሳብኩት። የታወቀ ሙከራ ነው፦ ብሩ ጠበቅ ካለ በሩ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ገመድ ደህና ነው፤ ሾልኮ ከመጣ አልቋል። ሾልኮ መጣ። (ገመዱ ርካሽ ነው፤ ግን በጣም ያረጀ ምድጃ ላይ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል ዝም ብላችሁ አትፋቁት።)

በመጨረሻ ካታሊስቱን እንዲያወጣልኝ ጠየቅኩት። ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል፤ ጠርዙ እጅ ላይ እንደ ድርቆሽ ይፈረፈራል። ሰውዬው አላፈረም። "እሱ ከሞተ ቆይቷል" አለኝ። "ያለሱም እኮ ይነድዳል። አራት ክረምት ሞቄበታለሁ።" ውሸት የለበትም። 350 ያለውም ለዚሁ ነው። ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰው ሊያየው እንደሚመጣ ነገረኝ፤ እሱንም አመንኩት።

አሁን ሒሳቡን እንየው። ለዚያ ሞዴል አዲስ ካታሊስት 240 ዶላር ነው፤ የበሩ ገመድ 30። ካታሊስቱን ልቀይር ለማስበው ለኔ፣ ምድጃው 620 ዶላር ነው። ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ሰው፣ ሊቀይረው ካላሰበ፣ ገመዱን እንኳ ቢገዛ 380 ላይ ያበቃል። ዕቃው ያው አንድ ነው፣ ሙቀቱም ያው ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ እኔ 350 ላይ ስንገዳገድ እሱ 400፣ 450 ብሎ ሊያልፈኝ ይችላል፤ ያም ሆኖ ከኔ ያነሰ ያወጣል። ለምን? ለጎረቤቱ ስለማይጨነቅ። በዚህ ገበያ አለመጨነቅ እንደ ጥሬ ገንዘብ ይቆጠራል። ከኔ ሀብታም መሆን አያስፈልገውም፣ ግዴለሽ መሆን ብቻ ይበቃዋል። እንዲህ እየሆነ ሲሄድ ዋጋውን የሚወስኑት እነሱ ይሆናሉ፤ የሚጨነቀው ሰው ወይ ይሸነፋል ወይ ከሌላው በላይ ይከፍላል።

ስለ ሻጭና ገዢ ሐቀኝነት ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ተከራክረዋል። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ነጋዴ ያመጣል። ረሃብ ወደገባባት ወደ ሮድስ ደሴት ከእስክንድርያ እህል ጭኖ የደረሰ ነው፤ ከኋላው ሌሎች የእህል መርከቦች እየመጡ እንደሆነ ያውቃል። ይንገራቸው ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? የባቢሎኑ ዲዮጋን፣ ሕጉ ከሚያዘው በላይ የመናገር ግዴታ የለበትም ይላል። ተማሪው አንቲፓተር ደግሞ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ሳያውቅ ሊቀር አይገባም ይላል፤ ሲሴሮ ወደሱ ያደላል። በ1970 ደግሞ ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ፣ አሜሪካኖች "ሎሚ" ስለሚሏቸው ብልሹ ያገለገሉ መኪኖች በጻፈው ጽሑፍ፣ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ ገበያው ራሱ እንደሚበላሽ አሳይቷል። ሁለቱም ቦታ ጥያቄው ያው ነው፦ ማን ለማን ምን ይናገር?

ታዲያ እኔ የነበርኩበት ጋራዥ ውስጥ ይሄ ጥያቄ ተመልሷል። ሰውዬው ሁሉን ነግሮኛል፣ እኔም ሁሉን አይቻለሁ። ማንም ማንን አላታለለም። አንቲፓተር ራሱ ተነስቶ ቢመጣ በሻጩ ላይ የሚያነሳው ነገር አይኖረውም። ሆኖም ብሩን ከፍዬ፣ ምድጃውን እንዳለ ወስጄ ብለኩሰው አንድ ሰው ይበደላል፤ ያ ሰው ስምንት ዓመቱ ነው፣ ስለዚህ ሽያጭ የሚያውቀው የለም። ሐቀኝነት በሁለት ሰዎች መካከል የሚያልቅ ነገር የሚመስለን ለዚህ ነው ብዬ አስባለሁ፤ እዚያ ያሉት ሁለት ብቻ ስለሆኑ።

ሕጉስ? ሕጉ መለያውን ነው የሚያየው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የመጀመሪያውን የእንጨት ምድጃ ደንብ ያወጣው በ1988 ነው፤ ከ2020 ጀምሮ ደግሞ አዲስ የሚሸጥ ምድጃ በሰዓት ከ2 ግራም ገደማ በላይ ብናኝ እንዳያወጣ ይጠበቃል። ቁጥሩ የሚለካው ግን ምድጃው አዲስ እያለ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ መለያው ጀርባው ላይ ተበይዶ ይኖራል፤ ካታሊስቱ ቢሞት አይረግፍም። አየሩ ሲከፋ እዚህ ማገዶ የማንደድ እገዳ ይታወጃል። በመጀመሪያው ደረጃ ፈቃድ ያላቸው ምድጃዎች እንዲነዱ ይፈቀዳል፤ በሁለተኛው ሌላ በቂ ማሞቂያ ያለው ሰው ሁሉ ማጥፋት አለበት። በመጀመሪያው ደረጃ ቀን፣ የሞተ ካታሊስት የያዘው የሰውዬው ምድጃ በመለያው ብቻ ንጹሕ ተብሎ ያልፋል። ሕጉ ከባድ ጭስ ማስወጣትንም ይከለክላል፤ ግን ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ የማንን ጣሪያ ማን ያያል? መለያው የልደት ሰርተፍኬት ነው እንጂ የጤና ምርመራ አይደለም። መሃል ላይ ያለውን የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ይሄን ለሲያትል ጓደኛዬ በስልክ ሳወራለት ሳቀብኝ። "ወንድሜ፣ ስለ ጭስ የምትጨነቀው አንተ? በጭስ ያደግከው?" አለኝ። እውነቱን ነው። እኛ ጋ ስለ ጭስ ያለን ስሜት ሌላ ነው። ከጎረቤት ጎጆ ጭስ ሲወጣ "ደህና ናቸው" ማለት ነበር፤ ጠዋት ጭስ ያልታየበት ቤት ነው ሰው ሄዶ የሚያንኳኳው። ጭሰኛ የሚለው ቃል ራሱ ውስጡ ጭስ አለበት፤ መሬት የሌለው ሰው እንኳ የሚቆጠረው በሚያጨሰው ምድጃ ነበር። ግን ይሄ ትዝታ የሚጣፍጠው ከውጭ ሆኖ ላየው ነው። ውስጥ፣ ምጣዱ ሥር ጎንበስ ብላ የምትጋግረዋን እናት ዓይን አስታውሱ። "ምርጥ" እና "ላቀች" የሚባሉት ማገዶ ቆጣቢ ምድጃዎች የመጡት ለጌጥ አይደለም። ደግሞም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1225 ስለዚሁ ያወራል፦ ባለንብረት ጎረቤቱን እንዳያውክ፣ በተለይም ከመልካም ጉርብትና ልክ ባለፈ ጭስ፣ ጥቀርሻ፣ ሽታና ጩኸት እንዳያስቸግር። ልኩን በግራም አያስቀምጥም፤ ጉርብትናን ራሱን ነው መለኪያ ያደረገው። ጓደኛዬ ይሄን ስነግረው ዝም አለ፤ ከዚያ ወደ ሌላ ክርክር ዞረ።

ሌላው ክርክሩ ግን ከባድ ነው። "አንተ መቼ ሀብታም ሆነህ?" አለ። "ከመንገዱ ማዶ ያለው ሰውዬ ሁለት ግዙፍ ፒክአፕ አለው፤ እሱን ማን ጠየቀው? ሙቀት እኮ ቅንጦት አይደለም።" ፈላስፋው ሄንሪ ሹ በ1993 ስለ አየር ንብረት ሲጽፍ ለመኖር የግድ የሚያስፈልግ ልቀትን ከቅንጦት ልቀት ለይቷል፤ ደሃው እንዳይበርደው የሚያወጣውን ጭስ ሀብታሙ ለመዝናናት ከሚያወጣው ጋር አንድ ላይ መቁጠር ፍትሕ አይደለም ነው ነገሩ። በዚህ እስማማለሁ። ግን እኔ በዚህ መከራከሪያ ስም ልወስድ የነበረው ምንድን ነው? ሙቀት አይደለም። ሙቀቱን ካታሊስቱን ብቀይርም አገኘዋለሁ፣ እንዲያውም በትንሽ እንጨት። የምወስደው 240 ዶላር ነው። እሱን የምወስደው ደግሞ ከባለ ፒክአፑ ሳይሆን ከኔ በምንም ከማይሻል የፖም ለቃሚ ልጅ ነው። የደሃ ጭስ መጀመሪያ የሚያርፈው ደሃ ሰፈር ላይ ነው፤ ደሃን እንከላከል ሲባል ይቺ ነገር ትዘለላለች። 240ው በእውነት የሌለው ሰው አለ፤ እሱን ብርድ ይግደልህ የምል ሰው አይደለሁም። ካለኝ በኋላ "ደሃ ነኝ" ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

አንድ የኢኮኖሚ ተማሪ ቢኖር "ተነጋገሩና ተስማሙ" ይለን ነበር። ሮናልድ ኮዝ በ1960 ባሳተመው ታዋቂ ጽሑፉ ውስጥ፣ እንግሊዝ አገር በ1879 የታየ የጭስ ክስ ያነሳል። አንዱ ጎረቤት ግድግዳውን ከፍ አድርጎ ሠራ፤ የሌላው ጭስ ማውጫ ነፋስ አጥቶ ጭሱ ወደ ቤቱ ይመለስ ጀመር። ፍርድ ቤቱ በይግባኝ "እሳቱን የምታነደው አንተ ነህ" ብሎ ባለ ጭስ ማውጫውን ረታው። ኮዝ ግን ጭሱን ያመጡት ሁለቱም ናቸው፣ ግድግዳውም እሳቱም ባይኖር ችግሩ የለም ይላል። መደራደር ቀላል ከሆነ ሁለቱ ራሳቸው መፍትሔውን ያገኙታል ነው ሐሳቡ። በወረቀት ላይ ያምራል። እስቲ አጥሩን አንኳኩቼ "ካታሊስቴ ሞቷል፤ 120 ዶላር ካዋጣችሁ ልጃችሁን አላጨስበትም" ስል አስቡኝ። የየትኛውም አገር ሰው ይሄን ድርድር ብሎ አይጠራውም። ደግሞም የሚደራደረው ያወቀ ነው። የሞተ ካታሊስት ጭስ ጎረቤት መስኮት ላይ ሲደርስ ስሙን አይናገርም፤ እነሱ የሚያውቁት ልጁ ሌሊት እንደሚያስለው ነው።

እኔን የበለጠ የሚያሳምነኝ የሊቢ ነገር ነው። ሊቢ ሞንታና ውስጥ ያለች ትንሽ የሸለቆ ከተማ ናት፤ አሜሪካኖች ስሟን የሚያውቁት በአስቤስቶስ መከራዋ ነው። ክረምት ላይ በምድጃ ጭስም ትታፈን ነበር። ከ2005 እስከ 2007 ባለው ጊዜ በመንግሥትና በምድጃ አምራቾች ድጋፍ ከአንድ ሺህ በላይ አሮጌ ምድጃዎች በአዲስ ተቀየሩ ወይም ተጠገኑ፤ የክረምቱ ደቃቅ ብናኝም በሩብ ገደማ ቀነሰ። ደስ የሚለኝ ቁጥሩ ብቻ አይደለም። እዚያ ማንም በየጋራዡ ቆሞ "እኔ ልጨነቅ ወይስ ያኛው ይቅደመኝ" እያለ እንዲያሰላ አልተተወም። እድር የለመደ ሰው ይሄን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም፤ ቀብር ለአንድ ቤት ብቻ እንደማይተው ሁሉ ጭስም አይተውም። የኛ መንገድ ላይ ግን እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም፤ የነበረው እኔ፣ ሰውዬው፣ ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ገዢ ነው።

ለሰውዬው ሒሳቡን እንዳለ ነገርኩት። 240፣ 30፣ ድምሩ። "ሊቀይረው ለሚፈልግ ሰው ይሄ የ350 ዕቃ አይደለም" አልኩት። ጎረቤታችን ቤት ስላለው ልጅም ነገርኩት፤ ይሄን ማንሳቴ ዋጋ ለማስቀነስ ይመስላል ብዬ ነበር የፈራሁት። ጭንቅላቱን አከከና 300 አለ። ከፈልኩ። ለከተማው ፈቃድ፣ ለጭስ ማውጫ ጠራጊው፣ ለካታሊስቱ ስንል በጀታችንን አለፍን፤ ባለቤቴ ልዩነቱን ከየት እንዳመጣችው እስካሁን አልነገረችኝም።

የመጀመሪያውን ማታ ባይፓሱን ዘግቼ ጋቢ ለብሼ ወጣሁና ጣሪያውን አየሁ። ሦስት ቤት አልፎ ካለው ቤት ጭሱ እንደ ነጭ ጨርቅ ተዘርግቶ ወደ መንገዱ ይወርዳል። እዚያ ቤት ያለው ምድጃ ምን ዓይነት እንደሆነ አላውቅም፤ ሄጄ ልጠይቅ ወይስ አያገባኝም የሚለውን ከባለቤቴ ጋር እስከ አሁን እንከራከርበታለን። እሷ "ሙልሙል ይዘህ ሂድና አውራቸው" ነው የምትለው።

እስከዚያው አንድ ነገር ጀምሬያለሁ። ትንሽ ደብተር ገዝቼ ምድጃው ካለበት ግድግዳ ላይ፣ እሳቱ ከማይደርስበት፣ በሚስማር አንጠልጥያለሁ። ካታሊስቱ የገባበት ቀን፣ በየቀኑ ስንት ሰዓት እንደነደደ፣ የእንጨቱ እርጥበት፣ መቼ እንደተጠረገ ይጻፍበታል። መጋቢት መጨረሻ ላይ 1,140 ሰዓት ደርሷል። ምድጃውን አንድ ቀን ስሸጠው ደብተሩ አብሮ ይሄዳል፤ ዋጋው ውስጥ ግን አላስገባሁትም።